ስድስት ጥያቄዎችና አንዲት የሐሙሲት እናት

የሳንባ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቷል። የመጀመሪያው ኬሞቴራፒ ተሰጥቶ ትንሽ ጋብ ካለ በኋላ በሽታው እንደገና ማደግ ጀምሯል። ቤተሰቡ «ሌላ ኬሞ ይጀመርላቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ ጀርባ ጮክ ተብሎ የማይጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ስንት ጊዜ ቀራቸው?

እ.ኤ.አ. በ2010 ጣሊያናዊው ሐኪም ማሲሞ ዲ ማዮና ባልደረቦቹ ለዚህ ጥያቄ የነጥብ ሠንጠረዥ አወጡ። ሁለተኛ ኬሞ የተሰጠባቸውን የዘጠኝ ሙከራዎች መረጃ አንድ ላይ አድርገው ስድስት ነገሮችን መረጡ፦ ጾታ፣ የታማሚው አቅም፣ የካንሰሩ ዓይነት፣ የስርጭቱ ደረጃ፣ መጀመሪያ የተሰጠው ሕክምና ፕላቲነም ያለበት መሆን አለመሆኑ፣ እና ካንሰሩ ለዚያ ሕክምና የሰጠው ምላሽ። ነጥቡ ይደመርና ታማሚው ከሦስት ቡድኖች በአንዱ ይመደባል፤ የተሻለ፣ መካከለኛ፣ የከፋ።

«የሰው ዕድሜ በሠንጠረዥ ይለካል እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ለማጣጣል አልቸኩልም። አማራጩ የሐኪም ግምት ነው፣ ግምት ደግሞ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ክሪስታኪስና ላሞንት ቺካጎ ውስጥ ለሞት የተቃረቡ 468 ሰዎችን ዕድሜ ሐኪሞቻቸው እንዲተነብዩ ጠይቀው ነበር። ለእውነታው የቀረበው ትንበያ 20 በመቶ ብቻ ነው። 63 በመቶው ሰዎቹ በትክክል ከኖሩት የበለጠ ጊዜ ሰጥቷቸዋል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ቁጥሩ የቡድን እንጂ የአንድ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ ሁለት የሁለተኛ ኬሞ መድኃኒቶችን ያነጻጸረ የ571 ሰዎች ሙከራ ነበር። በሁለቱም ወገን ከታማሚዎቹ ግማሹ 8 ወር ገደማ ሲሆን ሞተዋል። ግን ከመቶ ወደ 30 የሚሆኑት ዓመት ሲሞላም በሕይወት ነበሩ። «8 ወር ቀርቶዎታል» የተባለ ሰው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ካልሰማ ግማሹ እውነት ተደብቆበታል።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከነክነኛል። ሠንጠረዡን ይዘን ሐሙሲት እንሂድ። እንበልና ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጭስ በሞላበት ማድ ቤት እንጀራ የጋገሩ እናት ለወራት ሳሉ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ቲቢ እኛ ጋ ብዙ ስለሆነ ጥርጣሬው ጥፋት የለበትም። (ቋንቋችንም አያግዝም፤ «ነቀርሳ» ስንል ለካንሰርም ለቲቢም ነው።) ካንሰር መሆኑ ሲጠረጠር ደግሞ ዓይነቱን ለመለየት ናሙና ወስዶ የሚመረምር ፓቶሎጂስት፣ ስርጭቱን ለማየት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። እነዚህ ካልተገኙ ከስድስቱ ጥያቄዎች ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ። ሙከራዎቹ ውስጥ የገቡት ሰዎች ሁሉ ይህን በር ያለፉ ናቸው፤ በሩ ላይ የቀሩትን ሠንጠረዡ አያውቃቸውም።

ከዚያ መንገዱ አለ። ለሁለተኛ ኬሞ የሚሰጠው ዶሲታክሴል በተለመደው አሰጣጥ በየሦስት ሳምንቱ ነው። ከሐሙሲት ባሕር ዳር ቅርብ ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን፣ ወረታን፣ ሐሙሲትን አልፎ ለሚመጣው ግን የመሳፈሪያው፣ የማደሪያው፣ የአስታማሚው ወጪ በሬ ሊያሸጥ ይችላል። ብሩ ሲያልቅ ታማሚው ይቀራል፣ በጥናት መዝገብ ላይም «የጠፋ» ተብሎ ይጻፋል። የተለመደው የስሌት ዘዴ ደግሞ የጠፋው ሰው ዕድል ክትትል ላይ ከቀሩት ጋር እኩል ነው ብሎ ይነሣል። ደክሞት ወይም ገንዘብ አልቆበት የጠፋ ሰው ግን ከእነሱ ጋር እንዴት እኩል ይሆናል? ስለዚህ የራሳችንን ሠንጠረዥ እንሥራ ብንልም የጠፉትን ቤታቸው ድረስ ሄደን ካልፈለግን የምናሰላው ዕድሜ ከእውነቱ ይረዝማል።

ሠንጠረዡ አርጅቷልም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሰውነትን መከላከያ የሚያነሣሡ መድኃኒቶች የሁለተኛውን ሕክምና መልክ ቀይረውታል።

ታዲያ ይጣል? አይጣል። ከስድስቱ አንዱ ምንም መሣሪያ አይፈልግም፣ እሱም አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመው የአቅም መለኪያ ሕያዋንን ከ0 እስከ 4 ይመድባል። ደረጃ 2 ሥራ መሥራት ባይችልም ራሱን የሚረዳ፣ ከነቃበት ሰዓት ከግማሽ በላይ ተነሥቶ የሚውል ሰው ነው። ደረጃ 3 ከግማሽ በላይ አልጋ ወይም ወንበር ላይ የሚውል ነው። ዶሲታክሴል ለሁለተኛ ኬሞ ከድጋፍ ሕክምና ብቻ ጋር በተነጻጸረበት እ.ኤ.አ. የ2000 ሙከራ ግማሹ ሰው የኖረበት ጊዜ ከ4.6 ወደ 7 ወር ከፍ ብሏል። ተሳታፊዎቹ ግን ከ0 እስከ 2 ያሉት ብቻ ነበሩ።

የሐሙሲት ጤና ጣቢያ ባለሙያም «እናቴ፣ ቀን ቀን ተነሥተው ይውላሉ ወይስ ጋደም ይላሉ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። መልሱ «አብዛኛውን ቀን ተኝቼ ነው» ከሆነ፣ የኬሞው ጥቅም የተለካው ከእርሳቸው በበረቱ ሰዎች ላይ መሆኑን ቤተሰቡ በሬው ከመሸጡ በፊት መስማት አለበት። ሕመምንና የትንፋሽ ማጠርን ማስታገስ ግን በዚያው ቀን ይጀመራል። ሳንባቸው ዙሪያ ውኃ ቋጥሮ ከሆነም ሲቀዳላቸው አቅማቸው ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ ጥያቄው እንደገና ይጠየቃል።