ንጹሕ ፍሳሽ፣ ርካሽ ጉልበት፦ «አረንጓዴ» ፋሽንን በምን እንመዝነው?

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሼዶቹ ብዛት እኩል የተወራለት የፍሳሽ ማጣሪያው ነበር። በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር እንዲያጣራ የታቀደው ይህ ጣቢያ ውሃውን አጥርቶ መልሶ ለፋብሪካዎቹ የሚያቀርብ እንጂ ወደ ውጭ የሚለቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ወጪ የተወጣበት ምክንያት አለው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል የገባበት ኬሚካል ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ የከተማዋ አሮጌ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በወንዙ ላይ ያደረሰውን ጉዳትም ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈውበታል። ፓርኩ ከተመረቀ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2019፣ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድና የሰብአዊ መብት ማእከል ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ፣ መሆኑንና ይህም በዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው እንደሆነ ገለጸ። እንግዲህ አንድ ግቢ ውስጥ ዘመናዊ ማጣሪያና የዓለም ዝቅተኛው ደመወዝ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ከዚያ የወጣ ሸሚዝ ምን ይባላል? የተለመደው መልስ «በአካባቢ ጥበቃ አልፏል፣ በሥነ ምግባር ወድቋል» የሚል ነው። እኔ ግን ፈተናው ሁለት ነው ብዬ አላምንም። በርካሽ ጉልበት ላይ የቆመ ልብስ፣ ጥጡ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ተፈጥሮን የሚጎዳ ልብስ ነው፤ ብክነቱንና በደሉን የሚያመነጨው ያው አንድ ስሌት ነውና።

በመጀመሪያ አሁን በሥራ ላይ ያሉትን መለኪያዎች እንይ። የፋሽን ኢንዱስትሪ ከዓለም የካርቦን ልቀት 10 በመቶውን ይይዛል የሚለው አኃዝ ከመጽሔት መጽሔት ሲዘዋወር ኖሯል። የማኪንዚ ኩባንያ የ2020 ጥናት 4 በመቶ ሲል፣ የዓለም ሀብቶች ተቋም ከአንድ አጋር ድርጅት ጋር በ2021 ያወጣው ስሌት ደግሞ ወደ 2 በመቶ አወረደው። የአምስት እጥፍ ልዩነት ነው። ጠቅላላ ድምሩ እንዲህ ካወዛገበ፣ በአንድ ቲሸርት አንገት ላይ ተሰፍቶ «ይህ ልብስ ይህን ያህል ውሃ አድኗል» የሚል ካርድ ምን ያህል ሊታመን ይችላል? በሰኔ 2022 የኖርዌይ የሸማቾች ባለሥልጣን የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ትልልቅ የልብስ ኩባንያዎች የተጠቀሙበትን «ሂግ» የተባለ ማውጫ መርምሮ፣ የጥሬ ዕቃ አማካይ ቁጥር ይዞ ስለ አንድ የተለየ ልብስ ለገዢ መናገር አሳሳች ነው ሲል ወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ዳሩ ግን ከዚህ የባሰውን ጉድለት አልነካውም። ማውጫው የሚመዝነው ኪሎ ጨርቅን ነው። ስንት ኪሎ እንደተመረተ፣ ስንቱ እንደተለበሰ፣ ስንቱ ሳይለበስ እንደተጣለ አይጠይቅም። የኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን በ2017 እንዳሰላው በ15 ዓመት ውስጥ የዓለም የልብስ ምርት በእጥፍ ገደማ ሲያድግ፣ አንድ ልብስ ከመጣሉ በፊት የሚለበስበት ጊዜ ብዛት በ36 በመቶ ቀንሷል፤ ተመልሶ ልብስ የሚሆነው ጨርቅም 1 በመቶ አይሞላም። ጥጡን በኦርጋኒክ ለውጦ መጠኑን በእጥፍ የሚያሳድግ ድርጅት ያተረፈለት አካባቢ የለም።

ታዲያ መጠኑን ያሳበጠው ምንድን ነው? ብዙዎች የገዢውን ስግብግብነት ይወቅሳሉ። እኔ ጣቴን የምቀስረው ትዕዛዝ በሚሰጠው ቢሮ ላይ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ኩባንያ ሸሚዝ ከፋብሪካ በ5 ዶላር ገዝቶ በ30 ዶላር ይሸጣል እንበል። አንድ ሸሚዝ ሳይሸጥ ቢቀርበት የሚከስረው 5 ነው፤ ገዢ መጥቶ ሸሚዙ ከመደርደሪያ ቢያልቅበት ግን የሚያመልጠው ትርፍ 25 ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ሸሚዝ የመሸጥ ዕድሉ ከስድስት አንድ እስኪሆን ድረስ ማዘዙ ያዋጣዋል። ከልክ በላይ ማምረት እዚህ ላይ ስህተት ወይም ብልሹ አሠራር አይደለም፤ የሒሳቡ ትክክለኛ መልስ ነው። ኤች ኤንድ ኤም በ2018 መጀመሪያ 4.3 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ያልተሸጠ ልብስ ተከማችቶበት እንደነበር ራሱ በሪፖርቱ ገልጿል። ነገሩ የርካሽ ልብስ ነጋዴዎች ችግር ብቻ እንዳይመስል፣ ውዱ በርበሪ በዚያው ዓመት 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚገመት ሸቀጡን ማቃጠሉን አምኗል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው የመሸጫ ዋጋቸው አይደለም። በመሸጫው ዋጋና ልብሱን ለመሥራት በሚከፈለው መካከል ያለው ገደል ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። የሰፊዋ ድርሻ ከመሸጫው ዋጋ ከ3 በመቶ የሚያልፈው ከስንት አንዴ መሆኑን የሠራተኛ መብት ተሟጋቾች ራሳቸው ይናገራሉ። እንዲህ ኢምንት ከሆነ ደመወዟን በእጥፍ ማሳደግ የ5 ዶላሩን ሸሚዝ ወደ 6 ዶላር ቢያስጠጋው ነው፤ የትዕዛዙን መጠን የት ይነካዋል? ተቃውሞው ልክ ነው፣ ግን ስፌትን ብቻ ነው የሚያየው። ስፌት የመጨረሻው ጣቢያ ነው። ከእርሱ በፊት ጥጥ ለቃሚው፣ ዳማጩ፣ ፈታዩ፣ ሸማኔው፣ ማቅለሚያ ገንዳ አጠገብ የሚቆመው ሠራተኛ አለ፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ ከሚገባው በታች ተከፍሏል። በአዋሽ ሸለቆ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለጥጥ እርሻ የተወሰደው መሬት የአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሽ ነበር፤ ይህ ኪሳራ በየትኛውም የጥጥ ዋጋ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። 5 ዶላር ማለት የእነዚህ ሁሉ ያልተከፈሉ ዕዳዎች ድምር ነው። በዚያ ላይ ርካሽ ጉልበት የሚገዛው ዋጋን ብቻ ሳይሆን ታዛዥነትንም ነው፦ በአጭር ጊዜ የሚደርስ ትዕዛዝ፣ ድንገተኛ ትርፍ ሰዓት፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ውል። በ2020 ወረርሽኙ ሲነሳ ብዙ ኩባንያዎች ተሰፍተው ያለቁ ልብሶችን ሳይቀር አንቀበልም ሲሉ ኪሳራው የወደቀው በፋብሪካዎቹና በሰፊዎቹ ላይ ነበር። የስህተቱን ዋጋ ሌላ የሚከፍልለት አዛዥ ለመቆጠብ ምን ምክንያት አለው? የደመወዝ ጭማሪ ብቻውን ይህን ሁሉ አይፈታም፤ ግን ያለ እርሱ ሌላው መፍትሔ ሁሉ ከላይ የተቀባ ቀለም ሆኖ ይቀራል።

የምስክር ወረቀትስ? በፓኪስታን ካራቺ የሚገኘው አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ ፋብሪካ በነሐሴ 2012 ኤስ.ኤ. 8000 የተሰኘውን ዓለም አቀፍ የሥራ ቦታ ምስክር ወረቀት አገኘ። ሳምንታት ሳይቆይ፣ መስከረም 11 ቀን፣ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። በሚያዝያ 2013 ዳካ አጠገብ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች የገደለው ራና ፕላዛ ውስጥም ተቆጣጣሪ ገብቶ ያለፋቸው ፋብሪካዎች ነበሩ። በአንጻሩ ከራና ፕላዛ በኋላ በባንግላዴሽ የተፈረመው የእሳትና የሕንፃ ደኅንነት ስምምነት ብዙ ሕንፃዎችን አስጠግኗል፤ የተለየበት ነገር የሠራተኛ ማኅበራት ፈራሚ መሆናቸውና ኩባንያዎቹን በሕግ የሚያስገድድ ውል መሆኑ ነው። በጎ ፈቃድና አስገዳጅ ውል ያላቸውን ልዩነት ለማየት ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላውቅም።

ሌላው ተቃውሞ ወደ ሐዋሳ ይመልሰናል፤ ዝቅተኛ ደመወዝ ከሥራ አጥነት ይሻላል የሚለው ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ፖል ክሩግማን በ1997 ርካሽ ጉልበትን አወድሶ ሲጽፍ የተሟገተው በዚህ መንገድ ነበር፤ በመርሕ ደረጃ ቀላል ክርክር አይደለም። ኢትዮጵያ ግን ይህ ክርክር በተግባር ተፈትኖ የታየባት አገር ናት። ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን አንድ ሺህ ገደማ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፍለው፣ ለአንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ፣ ለሌላው ለግል ሥራ መነሻ 300 ዶላርና ሥልጠና ሰጥተው ተከታተሉ። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀው ወጡ፤ ገቢያቸው ካልተቀጠሩት የተሻለ አልሆነም፤ የጤና ችግራቸው ግን ጨመረ። የግል ሥራ የጀመሩት በአንድ ዓመት ውስጥ ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ። (ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ልዩነቱ እንደጠፋ እነዚሁ ተመራማሪዎች በሐቀኝነት ጽፈዋል፤ ስለዚህ ጥናቱን ለየትኛውም ወገን የመጨረሻ ድል አድርጎ ማቅረብ አይገባም።) ሐዋሳም ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራተኛው ፍልሰት ከፍተኛ ነበር። ከሲዳማ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ጠባብ ክፍል ለብዙ ሆነው ተከራይተው፣ ከኪራይና ከምግብ የሚተርፍ ሳይኖራቸው፣ ጥቂት ወራት ሠርተው ይመለሱ ነበር። አሠልጥኖ ማጣት ለፋብሪካውም ኪሳራ ነው፤ ርካሹ ደመወዝ ለአሠሪውም ርካሽ አልሆነም። ሥራውም ቢሆን ዋስትና አልነበረውም። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ኢትዮጵያን ከጥር 2022 ጀምሮ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣ፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች ቀድሞ በኅዳር 2021 የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ከዚህ ተነስቶ «መፍትሔው ያለው ሽሮ ሜዳ ነው» ለማለት ይቃጣል፤ ብዙ ጸሐፊም ብሏል። በዚያ የአዲስ አበባ የሽመና ሰፈር ለሚሠራው ሸማ የሚቀርበው ሙግት ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ማግ ይሆናል፤ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ በመርገጫ ድሩን እየከፈተ መወርወሪያውን ያመላልሳል። መብራትም ነዳጅም የለም። ለእኔ ግን ዋናው ቁም ነገር ይህ አይደለም። አራት እጥፍ ሆኖ የሚለበስ ጋቢ ዋጋው በአብዛኛው የእጅ ሥራ ዋጋ ነው፤ በሠሪው ክፍያና በመሸጫው መካከል ያለው ገደል ከፋብሪካው ልብስ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ማንም ሺህ ጋቢ አዝዞ ስድስት መቶውን አያቃጥልም። ገዢውም ዓመታት ይለብሰዋል፣ ያጥበዋል፣ ሲሳሳ ለልጅ መጠቅለያ ያደርገዋል። ቀደም ብዬ ያነሳሁት ሒሳብ እዚህ ላይ በተቃራኒው ይሠራል፦ ጉልበት ዋጋ ሲኖረው ጨርቅ አይጣልም።

እዚህ ላይ ቆሞ ሸማን ማወደስ ግን ራስን ማታለል ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ውጤቶች አሉበት። ከጋሞ ደጋ «እናስተምራችኋለን» ተብለው አዲስ አበባ መጥተው ከንጋት እስከ ምሽት ጉድጓድ ውስጥ የሚውሉ ልጆች ጉዳይ ለዓመታት የታወቀ ነው። ሸማኔን የሚያሳንሰው ልማድም ሥር የሰደደ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። በየጊዜው የምንኮራበትን ጥበብ የሚሠራው ሰው ከኩራታችን ያገኘው ድርሻ ትንሽ ነው። ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ የሚያብለጨልጨው የጥለት ክርም ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። በዚያ ላይ ጥለቱ በማሽን የታተመበት ከውጭ የሚገባ የሀበሻ ቀሚስ ቅጂ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፣ ሸማኔው ዋጋ እንዲቀንስ ይገፋል፤ የሚቀንሰው ደግሞ ከራሱና ከልጆቹ ጉልበት ላይ ነው። «ባህላዊ» የሚለው ስም የምስክር ወረቀት አይደለም። ካራቺ ላይ የጠየቅነውን ሽሮ ሜዳ ላይ ካልጠየቅን ሙግታችን አገር መውደድ እንጂ ሥነ ምግባር አይባልም።

«ድሃ ሰው ውድ ልብስ ከየት ያምጣ?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ዓለምን በጨርቅ የሞላት ድሃው አይደለም፤ እርሱ የሌላውን ትርፍ ተቀባይ ነው። ልባሽ ጨርቅ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ሳልቫጅ በየገበያው አለ፤ ጋና ውስጥ አክራ ወደሚገኘው የካንታማንቶ ገበያ ደግሞ በሳምንት 15 ሚሊዮን ገደማ ልብስ እንደሚገባ እዚያ የሚሠራው ኦር ፋውንዴሽን ይገምታል፤ የማይሸጠው የባሕር ዳርቻውን ይሸፍናል። አሮጌ ልብስ መልበስ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ከሁሉም የተሻለ ነው። ጥፋቱ ላኪው የመጣያ ወጪውን ከልብሱ ጋር አብሮ መላኩ ላይ ነው። ሸክሙን ገዢው ላይ ብቻ መጫንም እንደዚሁ ነው፤ ሸማች በመደብር ቆሞ የፋብሪካ ደመወዝ ሊመረምር አይችልም።

ሊመረምር የሚችለው ሕግ ነው። ፈረንሳይ በ2017፣ ጀርመን ከ2023 ጀምሮ ትልልቅ ኩባንያዎችን ስለ አቅራቢዎቻቸው የሚጠይቅ ሕግ ሥራ ላይ አውለዋል። እኛ ዘንድም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ዝቅተኛ ደመወዝን አጥንቶ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን ዓመታት ሲያልፉ የግሉ ዘርፍ ወለል አላገኘም። ስለዚህ የአዋጁ ድንጋጌ በሥራ ይተርጎም። ከኢትዮጵያ ልብስ የሚያሠራ ኩባንያ ሁሉ ደግሞ ስንት ልብስ እንዳዘዘ፣ ስንቱ እንደተሸጠ፣ ለአንዱ ለፋብሪካው ስንት እንደከፈለና የዝቅተኛዋ ሠራተኛ ደመወዝ ስንት እንደሆነ በየዓመቱ እንዲያሳውቅ በኢንቨስትመንት ውሉ ውስጥ ይጻፍ። አራት ቁጥር ነው፤ አራቱም ዛሬ በኩባንያው መዝገብ ላይ አሉ። እነርሱን የሚደብቅ ድርጅት ስለ ጥጡ ንጽሕና የሚነግረንን የማመን ግዴታ የለብንም።