ዕዳ ያለበት ተአምር፦ «ዴርቶጋዳ»ን ከፈላና በር ማንበብ

የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» (2001 ዓ.ም.) እና ተከታዩን «ራማቶሓራ» እንዲያነቡ ሐረር ላሉ ወዳጆቼ ስጠቁም፣ ቀድሞ የሚነሳው የዘውግ ሙግት ነው። የጠፈር ምርምር አለበት፣ የውጭ ሰላዮች አሉበት፣ የጣና ገዳማት አሉበት፤ እንግዲህ ሳይንሳዊ ልቦለድ ነው፣ የስለላ ታሪክ ነው ወይስ ፋንታሲ? ሙግቱ ሩቅ አያደርስም። ይልቅ መጠየቅ ያለበት፣ ይሆናል ተብሎ የማይታሰበው ነገር እንዲያ ሲደራረብ አንባቢው ከመሳቅ ይልቅ ለምን እንባ እንደሚተናነቀው ነው።

እንደ እኔ ንባብ ምክንያቱ ተአምሩ ዕዳ ያለበት መሆኑ ነው። ሻጊዝ እጅጉ የተባለውን ሳይንቲስት የሚያገኝ አንባቢ በስሙ ውስጥ ሌላ ስም ይሰማል። በናሳ የሠራው ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ በ1998 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፈ፤ ልቦለዱ ታትሞ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እጁ ላይ የነበረውን ዕውቀት አገሩ ሳትጠቀምበት አለፈ የሚለው ቁጭት ገና ትኩስ ነበር። ደራሲው የሞተውን ሰው ሕይወት አልተረከም፤ ቁጭቱን ወስዶ የምናብ ዓለም ሠራበት። ለዚህ ነው በጣና ገዳማት ዙሪያ የሚገለጠው ምሥጢር፣ የቱንም ያህል ቢጋነን፣ ከንቱ ቅዠት የማይመስለው። አንባቢው ለአንድ ሰው ያልከፈለው ነገር እንዳለ እየተሰማው ነው የሚያነበው።

ይህ የተአምርና የዕዳ ትስስር ከአዲስ አበባ ይልቅ ሐረር ላይ ጎልቶ ይታያል። ሐረሪዎች አሱም በሪ በሚሉት በፈላና በር በኩል ሲመሽ የድሮዋን ከተማ ከሚከብበው ከጁገል ግንብ ውጭ ጅብ ሲቀለብ የሚያይ ቱሪስት ትርዒት ያያል። የጁገል ሰው ግን ውል ያያል። በአንድ ክፉ የረኃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ቢጀምሩ ገንፎ ተሠርቶላቸው ሰላም ወረደ ይባላል፤ በአሹራ ዕለት የቅቤ ገንፎ የሚቀርብላቸውም ለዚያ ውል ማደሻ ነው፤ ጅቡ ሲበላ እየታየም የመጪው ዓመት ዕጣ ይነበባል። በግንቡ ሥር የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ። ሌሊት የሚገባው ጅብ ጂኖችን ይበላል፣ ከተማዋን ያጸዳል የሚል እምነትም አለ። እዚህ አስደናቂውና የዕለት ኑሮው የሚለያዩት በግንብ አይደለም፤ የሚያገናኛቸው መስጠትና መቀበል ነው።

ሐረር የራሷ የተጻፈ ምናባዊ ተረክም አላት። በያሕያ ነስረላህ ስም የሚታወቀው ዐረብኛው «ፈትሕ መዲነት ሐረር» ሼኽ አባድር ከሒጃዝ ከሌሎች ወልዮች ጋር በ612 ዓመተ ሒጅራ መጥተው ከተማዋን እንዴት እንዳቀኑ ይተርካል። ኤቫልድ ዋግነር በ1978 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሲያሳትመው ለመጽሐፉ የሰጠው ርእስ «አፈ ታሪክና ታሪክ» የሚል ነበር። ለታሪክ ተመራማሪ ሁለቱን መለየት ግዴታ ነው። ለስነ ጽሑፍ ሃያሲ ግን የሚገርመው ሌላ ነው፦ በተረኩ ውስጥ ተአምር የሚሠሩት ወልዮች ዛሬም በከተማዋ መቃብራቸው ይዘየራል። አድማጩ ተረኩን ሰምቶ ሲነሳ ሄዶ ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ስሜት የትኛውም የገጸ ባሕርይ ዕንባ ብቻውን አይፈጥረውም።

እስካሁን ያነሳኋቸው ተረኮች ዕዳቸው በቦታ የታሰረ ነው። «ጦቢያ»ስ? የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልቦለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ሲታተም፣ ታሪኩ የሚፈጸምበት አገርም ዘመንም ተለይቶ አልተነገረም፤ መቃብርም ገዳምም የለው። ሆኖም ልብ ያንጠለጥላል። የታሪኩን ጉዞ የሚያስጀምረው ምንድን ነው? የጦቢያ ወንድም ዋህድ፣ የተማረከ አባቱን ነጻ ያወጣለትን ነጋዴ ፈልጎ ውለታውን ሊመልስ ከቤት ይወጣል፤ እሱም ለባርነት ይዳረጋል። ጦቢያ ወንድ መስላ የምትከራተተው ከዚያ በኋላ ነው። ቦታው ቢጠፋም ዕዳው አልጠፋም፤ ስለዚህ ሐሳቤን ማጥበብ ይኖርብኛል፦ ቦታ ዕዳውን ያጸናል እንጂ አይተካውም። (የ«ቀለበቶች ጌታ» ደራሲ ቶልኪንም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቅርብ ጓደኞቹን ያጣ ሰው ነበር፤ የመጽሐፉ ሐዘን ከዘንዶና ከአስማት የመጣ አይመስለኝም።)

በዚህ መስፈርት «ዴርቶጋዳ» የሚደክምባቸውም ገጾች ይታያሉ። ገጸ ባሕርያቱ ስለ አገር ፍቅር ሲናገሩ ንግግሩ ስብከት ይሆናል፤ አንባቢው በገዛ ልቡ የደረሰበትን ቁጭት ደራሲው መልሶ ያስረዳዋል። ሰላዮቹም ክፉ ከመሆን በቀር ሌላ መልክ የላቸውም፣ የሚፈልጉት እንጂ የሚያጡት ነገር አልተሰጣቸውም። አጋጣሚው ይበዛል። ታሪኩ ከጣና በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ክብደቱ ግን ይቀንሳል።

ቢሆንም እመክረዋለሁ፤ በተለይ የሐረርን የወልዮች ታሪክ ከአያቱ አፍ ለሰማ ወጣት አንባቢ። ሁለቱን መጻሕፍት ግን ቅደም ተከተላቸውን አዛብቶ ማንበብ አይገባም። «ራማቶሓራ» የመጀመሪያው መጽሐፍ የከመረውን ስሜት መነሻ አድርጎ ስለሚጀምር፣ ከእሱ የሚጀምር ሰው የሚያገኘው የጀብዱ ታሪክ ብቻ ነው። በአንድ ትንፋሽ ማንበብም አላስፈላጊ ነው። የገዳሙን ክፍሎች ቀስ ብሎ፣ የሰላዮቹን ደግሞ ፈጠን ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው እንደዚያ ነው ያደረግሁት።