አድገው የሚወለዱ ልጆች

በእኛ ሙያ ለወለደች ሴት ከ«እንኳን ማርያም ማረችሽ» እኩል የሚደርስ ቀልድ አለ። «ቨርዥን አንድ ወጣ»፣ «ማኑዋል የለውም»፣ «ሌሊት አላርሙ ይጮኻል፣ ሪስታርት አይደረግም»። ሴት ልጄን ስወልድ የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ይህን ሁሉ አዝንቦልኛል። ለምርቃቱ አመሰግናለሁ፤ ቀልዶቹን ግን አልወደድኳቸውም። ሕፃኗን አውጥታችሁ አዲስ መኪና ብትተኩባቸው አንዳቸውም አይፈርሱም። የፕሮግራመር ቀልድ ማሽኑ በእርግጥ የሚሠራውን ነገር ካልተደገፈ የማንም ቀልድ ነው።

ዩኒክስን ውሰዱ። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ የጀመሩት ይህ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ሌላ የሚወልድበት «ፎርክ» የሚባል ትእዛዝ አለው። ፕሮሰሱ ፎርክን ሲጠራ ሁለት ይሆናል፤ ልጁ የወላጁን ግልባጭ ይዞ፣ ወላጁ ከደረሰበት መስመር ሥራውን ይቀጥላል። ጡት የለ፣ ዳዴ የለ። ወላጁ የቱ፣ ልጁ የቱ እንደሆነ የሚለየው ፎርክ በሚመልስላቸው ቁጥር ነው። ልጁ ዜሮ ያገኛል፤ ወላጁ የልጁን መለያ ቁጥር ያገኛል። ምክንያት አለው። ልጅ ያለው አንድ ወላጅ ስለሆነ በፈለገ ሰዓት ሲስተሙን ጠይቆ ያውቀዋል። ወላጅ ግን ልጆቹ ብዙ ሊሆኑ ስለሚችሉ ቁጥሩን ያኔውኑ ካልያዘ የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋበታል። ልጁ ሥራውን ጨርሶ ሲሞት ወላጁ «እንዴት ሆነልህ?» ብሎ ካልጠየቀው፣ ከመዝገቡ ሳይፋቅ ዞምቢ ሆኖ ይቀራል። ዞምቢን በኃይለኛው ሲግናል፣ በቁጥር 9 እንኳ ማጥፋት አይቻልም፤ የሞተ እንዴት ይሞታል? ወላጁ ቀድሞ ከሞተ ደግሞ ወላጅ አልባዎቹን ቁጥር 1 የሆነው ፕሮሰስ በጉዲፈቻ ይወስዳቸዋል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሳይቀልድም ያስቃል። ሰርቨሩ በተጨናነቀ አንድ ቀን ከቡድናችን ወጣቶች አንዱ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ «አባትየውን ሳልነካ ልጆቹን ብቻ ልግደላቸው?» ብሎ ሲጮኽ፣ ቡና የምታፈላልን ሴት ጀበናዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። ከወዲያ የመጣው መልስ ይባስ ነበር፤ «እነሱን ብትገድል መልሶ ይወልዳል! መጀመሪያ አባትየውን!» አማተበች። ኋላ ብናስረዳትም ፊቷ አልተፈታም።

የስም ቀልድም እወዳለሁ። ካርቱኒስቱ ራንዳል ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣት ካርቱን ላይ አንዲት እናት ለልጇ በውስጡ የዳታቤዝ ትእዛዝ የተሸጎጠበት ስም ታወጣለታለች፤ ትምህርት ቤቱ ስሙን ሲመዘግብ የተማሪዎቹ ዝርዝር በሙሉ ይጠፋል። ከፎርም የመጣን ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ማስኬድ ምን እንደሚያመጣ በዚህ ካልገባህ በሌላ አይገባህም። የሐበሻ እናት ግን ይህን ያህል ተንኮል አያስፈልጋትም። «ኃይለ ሚካኤል» ብላ ብታወጣ ባሕር ማዶ የተሠራው ፎርም ክፍተቱ ላይ ይቆርጥላታል። ልጅ ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ስም ስለሆነ ደግሞ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይቀርባሉ፤ ሲስተሙም ዝምድናቸውን ይጠራጠራል።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ የፍሬድ ብሩክስ ነው። በአይቢኤም የኦኤስ 360ን ሥራ የመራው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው «ዘ ሚቲካል ማን መንዝ» ውስጥ፣ በዘገየ ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው ጻፈ። ለማይከፋፈል ሥራ ምሳሌ ያደረገው እርግዝናን ነው። ምሳሌው በየስብሰባው ስለሚነሣ ደንዝዞ ነበር። ሆዴ ከጠረጴዛው ጋር መጋፋት በጀመረበት ሰሞን ግን ሥራ አስኪያጃችን «ሰው እንጨምርና በአንድ ወር እንጨርሰው» ሲሉ ብሩክስን የጠራ አልነበረም። ሁሉም ዝም ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እሳቸውም አዩኝና «እሺ በቃ፣ ገባኝ» አሉ።

ብሩክስ ምሳሌውን ወሊዱ ላይ ማቆሙ ያሳዝነኛል፤ ለሙያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። አራስ ቤት ሥራው ይከፋፈላል። አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ሕፃኗን ታቅፋለች። ችግሩ ያው ብሩክስ የቆጠረው ነው፤ ሰው ሲጨመር የመነጋገሪያው መስመር ከሰዉ ቀድሞ ይበዛል፤ ለአምስት ሰው 10፣ ለአሥር ሰው 45። እናቴ ሕፃኗ ቅቤ ትቅመስ ትላለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም አይሰጣት ብላለች። አማቴ በዘይት ታሽታ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትሙቅ ይላሉ። ጎረቤታችን ደግሞ ምች ይመታታል ብላ መጋረጃውን ትዘጋለች። እያንዳንዷ የነገረችኝን ሌላዋ አልሰማችም፤ ሁሉንም የሰማሁት እኔ፣ ያውም እንቅልፍ አጥቼ።

ባለቤቴም ኮድ ጸሐፊ ነው። ብሩክስ ንድፉ አንድ ወጥ እንዲሆን ውሳኔው በአንድ ወይም በጥቂት ሰዎች እጅ ይሁን ማለቱን አስታውሶ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈ፤ «የሕፃኗን ጉዳይ የሚወስነው አንድ ሰው ብቻ ነው።» እናቴ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ጎሽ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል» አለችው፤ «ስሜን ግን ረስተኸዋል።»