ሁለቱ ጥቂቶች

የጎረቤቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሰሞኑን አመሻሽ ላይ ከዚሁ ከሐዋሳ የተገዛ አንድ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አጋዥ መጽሐፍ ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ገንዘብ አይቆጠርም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። መጽሐፉ «ሜኒ» ለሚቆጠር፣ «ማች» ለማይቆጠር ነው ይልና ገንዘብን ከማይቆጠሩት ወገን ያሰልፈዋል። አባቷ ከአሞራ ገደል ዓሣ ሸጦ ሲገባ ማታ ማታ ብር ሲቆጥር ለምታይ ልጅ ይህ እንዴት ይዋጥላት?

የሚቆጠረውም የማይቆጠረውም ነገሩ ሳይሆን ቃሉ መሆኑን መጽሐፉ ቢነግራት ኖሮ ግር ባላላት ነበር። ዓሣን እንውሰድ። ከሐይቁ ወጥቶ ጀልባው ውስጥ የሚንፈራገጠው ዓሣ ለእንግሊዝኛ «ሜኒ» ነው፤ ተጠብሶ ሲቀርብ ግን ምግብ ሆኗልና «ማች» ይባላል። ለእኛ ሁለቱም «ብዙ ዓሣ» ነው።

ይሁንና ልጅቱ ለገንዘብ «ሜኒ» ብትል ነጥብ ይቀነስባት ይሆናል እንጂ ሐሳቧ አይጠፋም። የእኔ ጠብ ከቀጣዩ ገጽ ጋር ነው። እዚያ «ፊው»ም «ኤ ፊው»ም «ጥቂት»፣ «ሊትል»ም «ኤ ሊትል»ም «ትንሽ» ተብለው ታልፈዋል። ለመሆኑ ያቺ «ኤ» ለጌጥ የገባች ናትን? ሐኪም ስለ አንድ መድኃኒት «ኤ ሊትል» አደጋ አለው ካለ፣ ትንሽ ያሰጋልና ተጠንቀቁ ማለቱ ነው። «ሊትል» አደጋ ካለ ግን እምብዛም አያሰጋም ማለቱ ነው። አንዱ ያስጠነቅቃል፣ ሌላው ያረጋጋል።

እኔም ለዕለት እንጀራዬ ስተረጉም «ፊው» ሰዎች ተስማሙ የሚለውን «ጥቂት ሰዎች ተስማሙ» ብዬ አልፌ አውቃለሁ። ጸሐፊው ግን የሚስማማ ሰው መታጣቱን ነበር የሚያማርረው።

አማርኛ ለዚህ መግለጫ አጥሮት አይደለም፤ ልዩነቱን በግሱ ያወጣዋል። «ጥቂት ጓደኞች አሏት» ስንል ማግኘቷን፣ «ብዙም ጓደኛ የላትም» ስንል ማጣቷን እንናገራለን። እንግዲህ መጽሐፉ ቃልን በቃል ከመፍታት ይልቅ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ይበቃ ነበር።

ነገሩን አታጋንነው የሚለኝ አይጠፋም። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ አድርጎታል። በሲዳምኛም ሆነ በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የሚያነበው በዚህ ቋንቋ ነው። የለም የተባለውን አለ ብሎ ካነበበ የሚስተው ሰዋስው ብቻ አይሆንም።

መጽሐፉ መልመጃ አያጣም፤ ኅትመቱም ለዓይን ይመቻል። ልጅቱ ግን ያልኳትን ከሰማች በኋላ እርሳሷን አንስታ ከ«ፊው» ትርጉም ጎን «ብዙም የለም» ብላ ጻፈችበት። ለሚቀጥለው እትም ከዚህ የተሻለ እርማት የለኝም።