ምድጃ ሥር የተገኘው ልጅ

በ2007 ዓ.ም በካን የፊልም ፌስቲቫል የታየውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ከልጆችዎ ጋር ይመልከቱት። እናቱ የሞተችበት ትንሹ ኤፍሬም፣ ለበዓል ሊታረድ የታሰበውን በጉን ይዞ ወደ ቀዬው ለመመለስ ሳምቡሳ እየሠራ ይሸጣል። አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር መዋሉን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። ማንበብ የምትወደው ጽዮንም ትዳር በሉኝ አትልም።

ይህ አጎት ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬም ሆነ ለገጠሩ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም፤ ምናልባትም እኛው ነን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ቤተሰባቸውን በቤት ሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈውልናል። ታዲያ ነውሩ ከየት መጣ?

ፊልሙ ጽዮን ከቤት ስትወጣ አይከተላትም፤ ጉድለቱ ይኸው ነው። ጥያቄው ለወላጆች ቀርቷል፦ ልጅዎ የልቡን የሚነግረው ለማን ነው?