ሲዘጋ ደረቅ፣ ሲከፈት ሜዳ

በግቢዬ ጥግ ለቴሌስኮፔ ቤት ልሥራለት ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ዝናብን ነው። ሰኔ የገባ ዝናብ እስከ መስከረም በማይለቅበት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከላይ የሚወርደውን ውኃ መመለስ ባለሙያዎቻችን የተካኑበት ሥራ ነው። ጣሪያ የሚመታ አናጢ ምስማሩን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ በስርጉዱ ላይ እንዳያሳርፍ፣ አሸንዳውን ወዴት እንደሚያዘነብል የሚነግረው አያስፈልገውም። መስተዋትና ሌንስ የሚያበላሸው ውኃ ግን በአብዛኛው ሌላ ነው። ከወለሉ ሥር በትነት ይወጣል፤ በተዘጋው ቤት ውስጥ ይታፈናል፤ ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ ከቆርቆሮው ሆድ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። አጥብቆ የተዘጋ ቤት ይህን ውኃ አያስወጣውም፤ ይይዘዋል እንጂ። ስለዚህ የዚህ ሥራ ሙያ ያለው ቤቱን በመድፈን ሳይሆን በማስተንፈስ ላይ ነው።

አርአያ የማደርገው የገበሬውን ጎተራ ነው። ጎተራ በድንጋይ ወይም በእንጨት ቋሚ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ነፋስ ከሥሩ ያልፋል። ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚንጠለጠል ዝናቡ ጎኑን ሳያረጥብ ይወርዳል። እህሉን ከሻጋታ የሚጠብቀው ይህ አሠራር ነው። ቴሌስኮፕም ይሻግታል። እርጥበት ባለበት የታሸገ ሌንስ ላይ ሻጋታ ድሩን ያደራል፤ ቆይቶም የመስታወቱን ሽፋን ይበላዋል፤ ያንን ደግሞ በጨርቅ ጠርጎ መመለስ አይቻልም።

ቤቱ ከነጭራሹ ለምን አስፈለገ የሚል አለ። መልሱን የሚያውቀው ቴሌስኮፑን ከሳሎን አውጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ሚዛኑን አስተካክሎ፣ የሰሜን ኮከብን ፈልጎ፣ መስተዋቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ልክ ማየት ሲጀምር ደመና የመጣበት ሰው ነው። አሜሪካዊው ሌስሊ ፔልቲየር በኦሃዮ ግዛት በዴልፎስ እየኖረ 12 ጅራታም ኮከቦችን አግኝቷል፤ ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ኮከቦችንም ከ130,000 ጊዜ በላይ አይቶ መዝግቧል። በደሞዝ የተቀጠረ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አልነበረም። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ቴሌስኮፑ የሠራት ቤት ትንሽ ናት፤ እርሱ ውስጧ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቤቲቱን ከነራሱ ያዞራት ነበር። እኔ እንደማምነው ያን ሁሉ ምዝገባ ያስቻለው የቴሌስኮፑ ትልቅነት አይደለም፤ ሰማይ በጠራ ቁጥር ያለ ድካም ሥራ የሚጀመርበት ቦታ መኖሩ ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመኘው ጉልላት ነው። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችን የያዙት ሁለት ጉልላቶች ያምራሉ፤ ለእነርሱም የሚገባቸው ያ ነው። ጉልላት ነፋስን ይከላከላል፤ የጎረቤትን መብራትም ይጋርዳል። ለግቢ ግን አልመክረውም። ከጠፍጣፋ ላሜራ ክብ ነገር ሲሠራ መጋጠሚያው ይበዛል፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ደግሞ ዘወትር ጠባቂ የሚፈልግ በር ነው። የቀኑ ሙቀትም የሚወጣው በጠባቡ ስንጥቅ ብቻ ስለሆነ ሌሊቱ እስኪጋመስ አየሩ ይርገበገባል። ተንሸራታች ጣሪያ ግን ተገፍቶ ሲሄድ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ቤቱ ሜዳ ይሆናል። ለመንገድ መብራት በሁለት ቋሚ ላይ የሚወጠር ጥቁር ሸራ ይበቃል።

ከሥራው ሁሉ ረጅም ጊዜ የምሰጠው ከመሬት በታች ላለው ክፍል ነው። ከከተማው ደቡብና ምሥራቅ ብዙው ቦታ መረሬ አፈር ነው። መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ግንብን የሚሰነጥቅ አፈር ቴሌስኮፕ የተሸከመን ምሶሶ ማዘንበሉ አይቀርም፤ ምሶሶው በጥቂቱ ካዘነበለ ደግሞ ኮከቡ ከመሃል ይሸሻል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር አልቆ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ አስቆፍራለሁ። መረሬው ጥልቅ ከሆነ ቢያንስ 1.5 ሜትር ወርጄ፣ ጉድጓዱን በጎን አስፍቼ፣ ገረጋንቲ በየንብርብሩ እያስጠቀጠቅሁ እሞላለሁ። በዚያ ላይ ሰፊ የኮንክሪት መሠረት፣ ከመሠረቱም ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ የታሠረበት ምሶሶ ይነሣል። ግንበኛው ምሶሶውን ከወለሉ ጋር አያይዞ ሊሞላው ይፈልጋል፤ ጠንካራ ሥራ የሚመስለው ያ ነውና። መያያዝ የለባቸውም። በመካከላቸው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ዙሪያውን ይቀራል። በ200 እጥፍ ሲታይ የሰው እርምጃ ብቻ ጁፒተርን ያንቀጠቅጣታልና ምሶሶው ስለ ወለሉ ምንም ማወቅ የለበትም።

ወለሉን ከእንጨት ነው የምሠራው። በመሬቱ ላይ ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎ፣ ጠጠር ለብሶ፣ ከዚያ በላይ በአጫጭር ቋሚዎች የተያዘ የጣውላ ወለል ይመጣል፤ ከሥሩ ነፋስ ያልፋል። ላስቲኩ የመሬቱን ትነት ይይዛል፤ ያመለጠውን ነፋሱ ይወስደዋል። ጣውላ እንደ ኮንክሪት የቀኑን ሙቀት አያከማችም፤ በጨለማ ከእጅ ያመለጠ ሌንስም ጣውላ ላይ ቢወድቅ የመትረፍ ዕድል አለው። ባሕር ዛፍ ከሆነ በደንብ መድረቁን ማረጋገጥ ነው፤ እርጥቡ ተጣሞ ወለሉን ከምሶሶው ጋር ያገናኘዋል።

አሁን ወደ ሰማዩ። አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። አውሮፓና አሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፉ መመሪያዎች የማይነግሩን ብዙ ነገር ከዚህ ይነሣል። ምሶሶው ከሰሜኑ ግድግዳ 1.5 ሜትር ቢርቅ፣ ግድግዳው ከቴሌስኮፑ ዓይን በ24 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል ኮከቡ ይጋረዳል። በደቡብም ያው ነው። የደቡብ መስቀል ከፍ ሲል 21 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ትልቁ የማጄላን ደመና ከ12 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። እነዚህ ከዚህ በላይ የሚወጡበት ሰዓት የለም፤ ግድግዳ ከጋረዳቸው ለዘለቄታው ጋረዳቸው። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ የግድግዳውን የላይኛውን ክፍል በማጠፊያ ወደ ውጭ የሚተኛ አደርገዋለሁ። የደቡቡን ሰማይ የሚያየው ሁሉም አይደለም፤ በርሊን ወይም ዋሽንግተን ያለ ወገናችን የደቡብ መስቀልን ከግቢው ጨርሶ አያገኘውም። እኛ ያገኘነውን በብሎኬት መጋረድ ያሳዝነኛል።

ጣሪያውስ ወዴት ይገፋ? ተገፍቶ የቆመበት አቅጣጫ ሃያ ዲግሪ ያህል መጋረዱ አይቀርም። ሰሜንና ደቡብን ትተናል። በምዕራብ ፀሐይ ስትገባ ቬኑስ፣ ሜርኩሪ፣ ቀጭኗ ጨረቃና አንዳንዴም ጅራታም ኮከብ አሉ፤ ጥቂት ቆይተው ይጠልቃሉ። በምሥራቅ የተጋረደ ኮከብ ግን ይወጣል። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚሄድ፣ በእኛ አካባቢ ደግሞ ከዋክብት ቀጥ ብለው ስለሚወጡ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከጣሪያው በላይ ይታያል። ግቢው ከፈቀደ ጣሪያዬ የሚገፋው ወደ ምሥራቅ ነው።

የቴሌስኮፕ ተሸካሚ ዘንግ ወደ ሰሜን ኮከብ ማነጣጠር ስላለበት እዚህ እስከ 9 ዲግሪ ድረስ መተኛት ይኖርበታል፤ ብዙዎቹ ከውጭ የሚመጡት ግን ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ በታች አይተኙም። ለዚህ በምሶሶው አናት ላይ ከወፍራም ላሜራ የተበየደ ሽብልቅ እጨምራለሁ። ጎበዝ በያጅ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ነው።

ለጣሪያው ሐዲድ የሚሆነው በማንኛውም የከተማችን ግቢ አለ፤ ተንሸራታች የብረት በር የሚሄድበት አንግል ብረትና ባለ ቦይ ጎማው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዶ ኩሽኔታው ያልላላ መምረጥ ነው። ክፈፉ ቱቦላሬ፣ ክዳኑ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ይሁን፤ 32 ጌጁ ቀጭን ነው፤ በረዶ ይጎዳዋል፤ ሲገፋም ይርገበገባል። የክፈፉ ጫፍ ከሐዲዱ ሥር የሚገባ ጥፍር ይኑረው፤ ነፋስ ሲያነሣው ከሐዲዱ እንዳይወጣ። በአራቱም ማዕዘን ደግሞ ወደ ታች የሚስብ መቆለፊያ። ሞተር አልገጥምም። ጣሪያው ክፍት እያለ መብራት ቢጠፋና ዶፍ ቢመጣ የሚያስፈልገው አንድ ሰው በክንዱ ገፍቶ የሚዘጋው ጣሪያ ነው።

በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ክፍተት መኖሩ ግድ ነው፤ የማይነካካ ብቻ ነው የሚንሸራተተው። እዚህ ላይ ከባለሙያዎች ጋር ሁልጊዜ ክርክር አለ።

«ጋሼ፣ ይቺን ክፍተት በሲሊኮን ልድፈናት?» ይለኛል በያጁ።

«ተዋት የኔ ልጅ። እሷ ሥራ አላት።»

ክፍተቱ የሚጠበቀው በመደፈን ሳይሆን በመደረብ ነው። የጣሪያው ጠርዝ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከግድግዳው ውጭ ይወርዳል። ከዚያ ኋላ ከመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይንጠለጠላል፤ በነፋስ የሚነዳውን ዝናብና አቧራ ይመልሳል፤ እርጥቡን አየር ግን ያስወጣል። ግድግዳውም ድርብ ነው፤ ውጩ ነጭ ቀለም የተቀባ ላሜራ፣ ውስጡ ፕላይውድ። በመካከላቸው አየር ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል። መግቢያና መውጫው ላይ ጥሩ ወንፊት ሽቦ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ተርብ ይሠራበታል፤ አይጥም ገመድ ትበላለች። ብሎኬት ለዚህ ቤት አይሆንም፤ ፀሐይ ያጠጣችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋ ያድራል፤ በዚያ አየር ውስጥ የሚታይ ኮከብ ይፈላል።

ከሁሉ የከፋው ወር ሐምሌ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጥቅምት ነው። መሬቱ ገና ውኃ እንደጠገበ ሰማዩ ይጠራል፤ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ጥርት ሰማይ ለቅቆ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ንጋት ላይ ሆዱ በጠብታ ይሞላል። ያ ጠብታ በቀጥታ የሚወርደው ቴሌስኮፑ ላይ ነው። መድኃኒቱ ቆርቆሮውን ከውስጥ በፎምና በፕላይውድ ማልበስ ነው፤ እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ብረት ካልነካ ጤዛ አይኖርም። ሌላው ልማድ ነው። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ጣሪያውን ከፍቼ ቤቱን ከውጭው አየር ጋር አስተካክላለሁ፤ ሌሊት ሥራዬን ስጨርስ መስተዋቱ ጤዛ ከያዘ አልጠርገውም፤ ወዲያውም አልከድነውም። በነፋስ ማራገቢያ ቀስ ብሎ ይደርቅና ከዚያ ይከደናል።

መከደኛውም አቡጀዲ ነው። ላስቲክ ያለበሱትን ቴሌስኮፕ ገልጦ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም። አቡጀዲ አቧራ ይከለክላል፤ እርጥበት አያፍንም። ከሥሩ አነስተኛ ዋት ያለው የድሮ ዓይነት አምፖል አበራለሁ፤ የሚሞቀውን ማለቴ ነው፤ አዲሱ ኤልኢዲ ለዚህ አይጠቅምም። አየሩ ከአካባቢው ሁለት ሦስት ዲግሪ ከሞቀ ጤዛ አይቀመጥም። አምፖሉ ከጨርቁና ከእንጨቱ ርቆ፣ በሽቦ ቀፎ ውስጥ መታሠር አለበት።

በሐምሌና በነሐሴ ግን ከክረምቱ ጋር መታገል አያስፈልግም። ሰማዩ ለሳምንታት አይከፈትም፤ ስለዚህ መስተዋቱንና ሌንሶቹን አውጥቼ መኖሪያ ቤት፣ ጥሩ ክዳን ባለው ሳጥን፣ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጣለሁ። ጄሉ እርጥበት ሲጠግብ በምድጃ 120 ዲግሪ አካባቢ ተደርጎ ለጥቂት ሰዓት ሲደርቅ እንደገና ይሠራል። ተሸካሚው በምሶሶው ላይ ይቀራል፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ግን በመብረቅ ምክንያት ከግድግዳው ይነቀላል፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ሐዲዱ ላይ ግሪስ ይቀባል፤ ዝገት የጀመረበት ቦታ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባል። በየሳምንቱ ዝናቡ ሲያባራ በሩን ለአንድ ሁለት ሰዓት እከፍተዋለሁ።

መስከረም ሲጋመስ ከምንም በፊት ውኃ ልኩን በምሶሶው አናት ላይ አስቀምጣለሁ። መሠረቱ ጠንካራ መሬት ከነካ አረፋዋ እንደነበረች ናት። መረሬው ገፍቶት ከሆነ ጥቂት ፈንጠር ትላለች፤ ያኔ በሽብልቁ ሥር ያሉትን ሦስት ቡሎኖች በየተራ እያላላሁ እያጠበቅሁ እመልሳታለሁ። ከዚያ ሌንሶቹ ይመለሳሉ፤ በመጀመሪያው ጥርት ያለ ማታም የሰሜኑን ማጠፊያ አውርጄ አቅጣጫውን እንደገና አስተካክላለሁ።