ሳይጫን የተመረመረ መድኃኒት ምን ያህል ያስተማምናል?

ከእንጦጦ ጋራ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱትን እናቶች የየካ ነዋሪ ሁሉ ያውቃቸዋል። እንጨት ገዢ ከሸክሙ መሐል አንድ ሁለት መዝዞ እርጥብ አለመሆኑን ቢያይ የሚቀየመው የለም። በዚያው ክፍለ ከተማ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ለሕፃን የሚሰጥ የሳል ሽሮፕ ግን መዝዘን የምናየው አይደለም። ከባሕር ማዶ የሚመጣው የአምራቹን ቃል ይዞ ነው፤ ቃሉም የትንታኔ ምስክር ወረቀት ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ወረቀትና እርሱን ለማጠናከር የመጣውን የቅድመ ጭነት ምርመራ መመዘን ነው።

ወረቀቱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስተማምን እ.ኤ.አ. በ2006 በፓናማ ታይቷል። 99.5 በመቶ ንጹሕ ግሊሰሪን ነው ተብሎ ከቻይና የተነሣው በርሜል በቤጂንግና በባርሴሎና ነጋዴዎች እጅ አልፎ ፓናማ ገባ። በየእጁ ሲተላለፍ ወረቀቱ ተከተለው እንጂ በርሜሉን ከፍቶ የመረመረ አልነበረም። በውስጡ የነበረው ኩላሊትን የሚያጠፋው ዳይኢትሊን ግላይኮል ሲሆን፣ በእርሱ ከተሠራው ሽሮፕ የተነሣ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ።

ከ16 ዓመት በኋላ ታሪኩ በጋምቢያ ተደገመ። የዓለም የጤና ድርጅት ጥቅምት 5 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በሕንድ የተመረቱ አራት የሕፃናት ሽሮፖች ከልክ ያለፈ ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል እንደተገኘባቸው አስታወቀ። በኩላሊት መድከም የሞቱት ሕፃናት ቁጥር 70 ገደማ ደረሰ። ከዚያም ሕንድ ከሰኔ 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ውጭ የሚላክ የሳል ሽሮፕ ሳይጫን በፊት በላቦራቶሪ እንዲመረመር ደነገገች። ጋምቢያም ከተከታዩ ወር ጀምሮ ከሕንድ የሚመጣ መድኃኒት ሁሉ እዚያው ተመርምሮ የንጽሕና ሪፖርት እንዲይዝ አዘዘች።

እርምጃው የሚመሰገን ነው። መርዝ ከአምራቹ መጋዘን ሳይወጣ መያዙ ከመጣ በኋላ ከየመድኃኒት ቤቱ ከመልቀም ይሻላልና። ሆኖም ሦስት ነጥቦች በጥብቅ ሊታዩ ይገባል።

አንደኛው የናሙናው ባለቤት ነው። ናሙናውን አምራቹ ራሱ መርጦ ወደ ላቦራቶሪ የሚልክ ከሆነ የተመረመረው ጭነቱ ሳይሆን የአምራቹ ምርጫ ነው። መርማሪው ከመጋዘን ገብቶ በእጁ ሊያወጣና ጭነቱን ሊያሽግ ይገባል።

ሁለተኛው የጥያቄው ትክክለኛነት ነው። ዕቃ ሲፈተሽ የሚሠራበት አይ.ኤስ.ኦ 2859 የተባለው የናሙና ደረጃ ከ35,001 እስከ 150,000 ለሚደርስ ጭነት በመደበኛው የፍተሻ እርከን 500 ናሙና ይወስዳል፤ የጉድለቱ ወሰን 1 በመቶ ሲሆንም እስከ 10 ጉድለት የተገኘበትን ጭነት ያሳልፋል። ይህ ለላላ ክዳን ወይም ለተላጠ ጽሑፍ ያገለግላል። በሽሮፕ የሟሟ መርዝ ግን ለዓይን አይታይም። 500 ጠርሙስ አገላብጦ ከማየት ይልቅ በአንዱ ላይ ተገቢውን ኬሚካዊ ምርመራ ማድረግ ይበልጣል። የእያንዳንዱ መርዝ ወሰን 0.10 በመቶ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ያልተጠየቀ መርዝ ግን መልስ አይሰጥም። ከሁሉም በፊት መመርመር ያለባቸው ግሊሰሪኑ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮሉና ሶርቢቶሉ ገና በበርሜል ሳሉ ነው።

ሦስተኛው የጊዜ ወሰኑ ነው። የቅድመ ጭነት ምርመራ የሚመሰክረው ስለ መነሻው ቀን ብቻ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀመጥ የሚገባው ኦክሲቶሲን በጅቡቲ ወደብ ወይም በረጅሙ የአፋር መንገድ ሙቀት ቢመታው፣ የመነሻው ሪፖርት እንዳማረ ይቆያል፤ የምትደማውን እናት ግን አያድናትም።

ምርመራ ሲደራረብ ወጪና መዘግየት ያመጣል፣ የመድኃኒት እጥረትም ይገድላል የሚሉ አሉ። አባባላቸው እውነት አለው። መልሱ ግን ምርመራውን መተው ሳይሆን እንደ አደጋው መጠን ማከፋፈል ነው። የሕፃናት ሽሮፕና የመርፌ መድኃኒት ሳይጫንም ሲደርስም ይመርመር፤ አደጋው ዝቅተኛ የሆነው በናሙና ይለፍ። በሀገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን የሚያስፈጽመው ባለሥልጣን የውጭ ሪፖርትን የራሱ ላቦራቶሪ አጋዥ እንጂ ምትክ አድርጎ ሊያየው አይገባም።

በመጨረሻም፣ በፓናማም በጋምቢያም መርዙን የጠረጠሩት የወደብ ተቆጣጣሪዎች አልነበሩም። ያልተለመደ የኩላሊት መድከም ሲደጋገም ያስተዋሉ ሐኪሞች ነበሩ። በየካ ጤና ጣቢያም ሆነ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የምንሠራ ባለሙያዎች ሽሮፕ የወሰደ ሕፃን ሽንቱ ሲቋረጥ የመድኃኒቱን ስምና የባች ቁጥር እንጠይቅ፣ ጠርሙሱን እናስቀምጥ፣ ሪፖርቱንም ሳንውል ሳናድር እንላክ። በብዙ ማኅተም ታጅቦ የመጣ ጭነት የመጨረሻ መርማሪው በሕፃኑ አልጋ አጠገብ የቆመው ባለሙያ ነውና።